«የማይታወቅ መሣሪያ» ሲል ኮምፒውተሩ ምን ማለቱ ነው?

የተላከው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ፍላሽም ሆነ ማውዝ ስሰካ ኮምፒውተሬ ወዲያው ያውቀዋል። ከኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር የሚያገናኝ የዩኤስቢ ሲሪያል ኬብል ስሰካ ግን ‹የማይታወቅ ዩኤስቢ መሣሪያ› ይለኛል። ያገኘሁትን ድራይቨር ሁሉ ጫንኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ተመሳሳይ ኬብል አለኝ። እሱ ይሠራል፤ ነገር ግን ፖርት በቀየርኩለት ቁጥር የኮም ቁጥሩ (ዊንዶውስ ለሲሪያል ፖርት የሚሰጠው መለያ) ይቀየርብኛል። ለመሆኑ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምን እንደተሰካበት በምን ያውቃል?»

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ ሌሎቹ የሚፈቱት በእሱ ነውና። ሲስተሙ ምን እንደተሰካበት በራሱ አያውቅም። አይቶ የሚለይበት ዓይን የለውም። ማንነቱን የሚናገረው መሣሪያው ራሱ ነው። የሲስተሙ ሥራ መጠየቅ፣ መልሱን ማመን፣ ከዚያም ለመልሱ የሚሆን ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም፣ መፈለግ ነው።

ስለዚህ «አላወቅሁትም» የሚለው መልእክት ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል። ወይ መሣሪያው ተጠይቆ በቅጡ አልመለሰም። ወይ ደግሞ መልሷል፤ ለመልሱ የሚሆን ድራይቨር ግን ጠፍቷል። የመጀመሪያውን ችግር የትኛውም ድራይቨር አይፈታውም። ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። የእርስዎም ልፋት መና የቀረው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

አንድ ዩኤስቢ መሣሪያ ሲሰካ የሚሆነውን ቀስ ብለን እንየው። ሁሉም ነገር በጥቂት መቶ ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ያልቃል፤ ግን ብዙ ደረጃ አለው። በተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ኬብል ውስጥ አራት ሽቦ አለ። ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለዳታ ናቸው። የዳታዎቹ ስም ዲ ፕላስ እና ዲ ማይነስ ነው። ምንም ባልተሰካበት ጊዜ ፖርቱ ሁለቱንም የዳታ ሽቦዎች በ15 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ዜሮ ቮልት ስቦ ይይዛቸዋል። መሣሪያው ደግሞ በራሱ በኩል አንደኛውን ሽቦ በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ላይ ይስባል። ሲሰካ የመሣሪያው ስበት ስለሚያይል ያ ሽቦ ላይ ቮልቴጅ ይነሳል። ኮምፒውተሩ «አንድ ነገር መጣ» የሚለው በዚህች ምልክት ብቻ ነው።

የትኛው ሽቦ እንደተነሳም ትርጉም አለው። ዲ ፕላስ ከሆነ መሣሪያው በሰከንድ 12 ሜጋ ቢት ይሠራል። ዲ ማይነስ ከሆነ 1.5 ሜጋ ቢት ብቻ ነው፤ ብዙ ማውዝና ኪቦርድ እንዲህ ነው። 480 ሜጋ ቢት የሚችለው መጀመሪያ እንደ 12ቱ ሆኖ ይቀርባል። ትክክለኛ ፍጥነቱን የሚያሳውቀው ቀጥሎ በሚመጣው ሪሴት ጊዜ ነው።

እስካሁን ሲስተሙ ስለ መሣሪያው ማንነት ምንም አልሰማም። አንድ ነገር መኖሩን ብቻ ነው ያወቀው። ድራይቨር የሚባል ነገርም ገና አልተነሳም።

ቀጥሎ ቢያንስ 100 ሚሊ ሰከንድ ይታገሣል። ሰው ሲሰካ ብረቶቹ ነካ ለቀቅ ስለሚሉ ነው። በሶኬቱ ውስጥ ያሉትን አራት ብረቶች ልብ ብለው ካዩ፣ ሁለቱ የኃይል ብረቶች ከዳታዎቹ ረዘም ያሉ ናቸው። ይህም የሆነው ኃይሉ ቀድሞ እንዲደርስና መሣሪያው ነቅቶ እንዲጠብቅ ነው። ግንኙነቱ ሲረጋ ሲስተሙ ፖርቱን ሪሴት ያደርጋል። ሪሴት ማለት ሁለቱንም የዳታ ሽቦዎች ቢያንስ ለ10 ሚሊ ሰከንድ ዜሮ ላይ ይዞ ማቆየት ነው። ከዚህ በኋላ መሣሪያው በአድራሻ 0 ላይ ሆኖ ጥያቄ ይጠብቃል። አዲስ የመጣ ሁሉ አድራሻው 0 ነው። ሁለት መሣሪያ በአንዴ 0 ላይ ቢገኙ ሁለቱም እኩል ስለሚመልሱ ወሬው ይደባለቃል። ስለዚህ ሲስተሙ ሪሴት የሚያደርገው አንድ በአንድ ነው።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል። ማን ነህ? መልሱ ዲቫይስ ዲስክሪፕተር ይባላል፤ 18 ባይት ነው። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። መሣሪያው በአንድ ፓኬት ስንት ባይት መላክ እንደሚችል ሲስተሙ ገና አያውቅም። ይህን የሚናገረው ከ18ቱ 8ኛው ባይት ነው። የሚፈቀደው ትንሹ የፓኬት መጠን ደግሞ 8 ባይት ነው። ስለዚህ የቱንም ያህል ደካማ መሣሪያ ቢሆን ያቺን ወሳኝ ባይት በመጀመሪያው ፓኬት ማድረስ ይችላል። እንዲህ ታስቦበት የተሠራ ነገር ሳይ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ከዚያ ሲስተሙ ከ1 እስከ 127 ካሉት አንድ አድራሻ ይሰጠዋል። በአዲሱ አድራሻ ጠርቶም ሙሉውን 18 ባይት ይቀበላል። ውስጡ የዩኤስቢው ስሪት፣ የመሣሪያው ምድብ፣ በሁለት ባይት የተጻፈ የአምራች ቁጥርና በሁለት ባይት የተጻፈ የምርት ቁጥር አለ። ስሙና ሲሪያል ቁጥሩ የት እንደሚገኝም ይጠቁማል። ሲሪያል ቁጥሩ ባይኖር በቦታው 0 ይጻፋል። ይህችን 0 ያዙልኝ፤ የኮም ቁጥርዎ ጉዳይ ላይ እንመለስባታለን።

የሚቀጥለው ጥያቄ ኮንፊገሬሽን ዲስክሪፕተር የሚባለውን ነው። መሣሪያው ስንት ሥራ እንደሚሠራና ስንት ኃይል እንደሚፈልግ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው። ማይክ፣ ስፒከርና የድምፅ ቁልፍ ያለው የጆሮ ማዳመጫ አንድ መሣሪያ ሆኖ ሳለ ሁለት ሦስት ሥራ ይዘረዝራል። ለእያንዳንዱ ሥራ የተለያየ ድራይቨር ይመደብለታል። ኃይሉ ደግሞ በሁለት ሚሊ አምፔር ነው የሚቆጠረው። 250 ብሎ ከጻፈ የፈለገው 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ለዩኤስቢ 2.0 ጣሪያው ይኸው ነው። እስኪፈቀድለት ድረስ ከ100 በላይ መውሰድ አይገባውም። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሃብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚከፍለው ማባዣ) ለእያንዳንዱ ፖርት የሚሰጠው በደንቡ 100 ብቻ ስለሆነ፣ 500 የሚጠይቅ መሣሪያ እዚያ ላይ ሲሰካ ሲስተሙ ሊከለክለው ይችላል።

የድራይቨር ፍለጋ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሲስተሙ በእጁ ቁጥሮች አሉት። የአምራች ቁጥር ማንም እንደፈለገ የሚይዘው አይደለም፤ የዩኤስቢን ደንብ የሚያወጣው ማኅበር ነው የሚሰጠው። ማዘርቦርድ ላይ ለሚሰኩ ካርዶችም እንዲሁ ፒሲአይ ሲግ የሚባል ማኅበር አለ። በፒሲአይ ዓለም የኢንቴል ቁጥር 8086 ነው፤ ኩባንያው በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር መጠሪያም ይኸው ነበር። እያንዳንዱ ድራይቨር በበኩሉ «እኔ የምሠራው ለእነዚህ ነው» የሚል ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ ዝርዝሩ አይኤንኤፍ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይገኛል። ሊኑክስ ላይ ድራይቨሩ ውስጥ ተጽፎ ሁሉም በአንድ ፋይል ይሰበሰባል። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ዜናውን ይነዛል። ዩዴቭ የሚባለው ፕሮግራም ሰምቶ የሚስማማውን ድራይቨር ያስጭናል።

ዊንዶውስ ሲፈልግ ከጠባቡ ወደ ሰፊው ይሄዳል። በመጀመሪያ ለዚያ አምራችና ለዚያ ምርት ብቻ የተጻፈ ድራይቨር ካለ ያንን ይመርጣል። ከሌለ ምድቡን ያያል። ፍላሽዎ ወዲያው የሚሠራው በዚህ ነው። የፍላሹን አምራች ዊንዶውስ ሰምቶት አያውቅ ይሆናል፤ ግድ የለም። ፍላሹ «ምድቤ 8 ነው» ይላል። 8 ማለት የዳታ ማከማቻ ነው፤ ለማከማቻ ሁሉ የሚሆን አንድ ድራይቨር ከሲስተሙ ጋር አብሮ መጥቷል። ማውዝና ኪቦርድ ምድብ 3 ናቸው፤ ለእነሱም እንዲሁ።

የሲሪያል ኬብል ግን ብዙ ጊዜ «ምድቤ 255 ነው» ነው የሚለው። 255 ማለት ሥራዬን የሚያውቀው አምራቼ ብቻ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሰፊው ፍለጋ አይረዳም፤ ቁጥሩን ለይቶ የሚያውቅ ድራይቨር የግድ ነው። በርካሽ ኬብሎች ላይ የሚበዛው ሲኤች340 የሚባለው ቺፕ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። አንዳንድ ሰሌዳዎች ደግሞ ምድብ 2ን መርጠው ይሠራሉ፤ እነሱ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ያለ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር ይነሳሉ።

ድራይቨር ተገኘ ማለትም ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ሲስተሙ ድራይቨሩን ይጠራና መሣሪያውን ያሳየዋል። ድራይቨሩ መርምሮ «የኔ ነው» ወይም «አልችለውም» ይላል። አልችለውም ሲል ዊንዶውስ ላይ ኮድ 10ን ያያሉ። ጭራሽ ድራይቨር ከሌለ ኮድ 28 ነው። ኮድ 43 ደግሞ የተበላሸ ነገር እንዳለ ያመለክታል። ዩኤስቢ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ከመጀመሪያውም እንዳልሠመረ የሚናገረው እሱ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ኬብል። ዲቫይስ ማናጀርን ይክፈቱ። የማይታወቀውን መሣሪያ ራይት ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስ ይግቡ። ዲቴይልስ የሚለው ውስጥ ሃርድዌር አይዲስን ይምረጡ። ቪአይዲ (VID) ከሚለው ቀጥሎ ያለው የአምራቹ ቁጥር፣ ፒአይዲ (PID) ከሚለው ቀጥሎ ያለው የምርቱ ቁጥር ነው። የአምራቹ ቁጥር 0000 ከሆነ ነገሩ ተለይቷል። ይህ የማንም አምራች ቁጥር አይደለም። መሣሪያው ማንነቱን ባለመናገሩ ዊንዶውስ ራሱ የሞላው ባዶ ቁጥር ነው። ስሙ አጠገብ «ዲቫይስ ዲስክሪፕተር ሪኩዌስት ፌይልድ» የሚል ቢያዩም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ያንን 18 ባይት ጠይቄ አላገኘሁም ማለቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ድራይቨር መፈለግዎን ዛሬውኑ ይተዉት። ቁጥሩ ያልታወቀ መሣሪያ ከየትኛውም ዝርዝር ጋር ሊገጥም አይችልም።

ሊኑክስ ላይ ኤልኤስዩኤስቢ (lsusb) የሚባለውን ትዕዛዝ ይስጡ። ድራይቨር ባይኖርም እንኳ ወሬው ከሠመረ ቁጥሮቹ ይዘረዘራሉ። ካልተዘረዘሩ የከርነሉን መልእክቶች ያንብቡ። ዲስክሪፕተር ሲነበብ ስህተት ሲቀነስ 71 (-71) ካለ መልሱ ተበላሽቶ ነው የደረሰው። ሲቀነስ 110 (-110) ካለ ደግሞ ጠብቆ ጠብቆ መልስ አጥቷል። ሁለቱም ወደ ሽቦ፣ ወደ ሶኬት፣ ወደ ኃይል ወይም ወደ ቺፑ ይጠቁማሉ።

በርስዎ ጉዳይ ተጨማሪ ፍንጭም ሰጥተውኛል። ተመሳሳዩ ኬብል በዚያው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል ብለዋል። ሁለቱ በእርግጥ አንድ ዓይነት ቺፕ ከያዙ ድራይቨሩ በእጅዎ አለ ማለት ነው፤ ጥፋቱ እሱ ጋ ሊሆን አይችልም። ከውጭ መመሳሰላቸው ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ውስጥ የተለያየ ቺፕ መግባቱ የተለመደ ነው። የሚያስታርቅዎት የሁለቱ ቁጥር ነው፤ የሚሠራውን ቁጥር ይጻፉና ከማይሠራው ጋር ያስተያዩ።

ቁጥሩ 0000 ከሆነ መጀመሪያ ሃብ ካለ ያስወግዱና በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩት። ሌላ ፖርት ይሞክሩ። ከኬብሉ በሌላኛው ጫፍ ያለውን ሰሌዳ ነቅለው ኬብሉን ብቻውን ይሰኩ፤ ሰሌዳው ውስጥ ያለ ሾርት ኃይሉን እየጎተተ ቺፑን ሊያሳብደው ይችላል። ብቻውን ሲሰካ ከታወቀ ችግሩ ሰሌዳው ላይ ነው። በሌላ ኮምፒውተርም ያው ከሆነ ኬብሉ አልቆለታል። መሣሪያዎ ኬብሉ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ኬብሉን ይቀይሩ። ለቻርጅ ብቻ የሚሠሩ ኬብሎች የዳታ ሽቦ የላቸውም። በእነሱ መሣሪያው መብራቱን ያበራል፤ ኮምፒውተሩ ግን የስህተት መልእክት እንኳ አያሳይም፤ የሚያየው ነገር የለምና።

ቁጥሩ 0000 ካልሆነ ድካምዎ ወደ ድራይቨር ይዙር። በቁጥሩ የቺፑን አምራች ይለዩና ድራይቨሩን ከራሱ ከአምራቹ ገጽ ወይም ከዊንዶውስ አፕዴት ይውሰዱ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ አድሳለሁ» የሚሉትን ፕሮግራሞች እባክዎ አይንኩ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ብዙው ድራይቨር የሚሠራው ከርነሉ ውስጥ ገብቶ ነው። የኮምፒውተሩን ሙሉ ሜሞሪ ማየት ይችላል፤ ሲሳሳት ሲስተሙን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። ማይክሮሶፍት በ2016 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት 1607 ጀምሮ አዲስ የከርነል ድራይቨሮች በራሱ በኩል ካልተፈረሙ እንዳይጫኑ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። እስካሁን የጫኗቸውን የማያስፈልጉ ድራይቨሮችም ከዝርዝር ውስጥ አውጥተው ቢያራግፏቸው ጥሩ ነው።

የኮም ቁጥሩ መቀያየር ደግሞ ቅድም ያዙልኝ ባልኩት 0 ይፈታል። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መዝገብ ይከፍታል። ሁለት አንድ ዓይነት ኬብሎችን ለመለየት የአምራችና የምርት ቁጥር አይበቃውም፤ ለሁለቱም እኩል ነውና። ስለዚህ ሲሪያል ቁጥር ይፈልጋል። ካገኘ መዝገቡን በዚያ ይከፍታል፤ መሣሪያው የትም ፖርት ቢሰካ ያው ራሱ መሆኑን ያውቃል። ካላገኘ የተሰካበትን ፖርት እንደ መለያ ይወስዳል። ፖርት ሲቀይሩ በእሱ ዓይን ሌላ መሣሪያ መጣ። አዲስ መዝገብ ይከፈታል፤ አዲስ የኮም ቁጥርም ይመደባል። ርካሽ የሲሪያል ቺፖች ሲሪያል ቁጥር የላቸውም ማለት ይቻላል። መፍትሔው ሁሌ አንድ ፖርት መጠቀም ነው፤ ወይም ሲሪያል ቁጥር ያለው ቺፕ መግዛት። ሊኑክስ ላይ የዩዴቭ ደንብ ጽፎ ለመሣሪያው የማይለወጥ ስም መስጠት ይቻላል። ሲሪያል ቁጥር የሌላቸውን ሁለት አንድ ዓይነት ኬብሎች ለመለየት ግን ደንቡም ያው ፖርቱን ነው የሚይዘው።

ስለ ዩኤስቢ ብቻ ተናግሬ ባቆም መልሱ ጎደሎ ይሆናል። ጥያቄዎ ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በጠቅላላው ነውና። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ግራፊክስ ካርድ፣ ኔትወርክ ካርድና ኤስኤስዲ በብዛት የሚገናኙት በፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው። እዚያ የሚጠየቀው በሌላ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ካርድ የራሱ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚመስል ትንሽ ሜሞሪ አለው፤ በድሮው ፒሲአይ 256 ባይት፣ በኤክስፕረስ 4096 ባይት። መጀመሪያው ላይ የአምራች ቁጥር ተጽፏል። ሲስተሙ ሲነሳ በተራ ያነባል። ቦታው እስከ 256 ባስ (የመገናኛ መስመር)፣ በእያንዳንዱ ባስ 32 መሣሪያ፣ በእያንዳንዱ መሣሪያ 8 ፋንክሽን (የሥራ ክፍል) ነው። ማንም የሌለበት ቦታ ሲነበብ ሁሉም ቢት 1 ሆኖ ይመለሳል፤ ይህም 65535 ነው። ግራ እንዳያጋባ ይህ ቁጥር ለማንም አምራች አይሰጥም።

ከዚያ የሜሞሪ አድራሻ ማከፋፈል ይመጣል። ካርዱ ስንት ባይት እንደሚፈልግ የሚጠየቅበት መንገድ በጣም ደስ የሚል ነው። ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ ላይ ሲስተሙ ሁሉንም ቢት 1 አድርጎ ይጽፋል፤ ከዚያ መልሶ ያነበዋል። ካርዱ 1 ሜጋ ባይት ከፈለገ የታችኞቹ 20 ቢቶች 1 መሆንን እምቢ ይላሉ፤ ዜሮ ሆነው ይመለሳሉ። 2 ለ20 ሲነሳ 1,048,576 ነውና መጠኑ ከዚያው ይነበባል። ከታች ያሉት አራት ቢቶች ዓይነቱን ለመናገር ስለተያዙ ሲስተሙ እነሱን ወደ ጎን ይተዋቸዋል። የተገኘውን መጠን ያህል ማንም ያልያዘው ቦታ ይመርጥና አድራሻውን እዚያው ይጽፍለታል። ከዚያ በኋላ ድራይቨሩ ለካርዱ ሲናገር ሜሞሪ ላይ እንደሚጽፍ ሆኖ ነው።

ከዚህ በፊት የነበረውን ላላየ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ከፒሲአይ በፊት በነበሩት የአይኤስኤ ካርዶች ዘመን ካርዱ ራሱን አያስተዋውቅም ነበር። የኢንተራፕቱን (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን መስመር) እና የአድራሻውን ቁጥር ተጠቃሚው ጃምፐር በሚባሉ ትናንሽ መሰኪያዎች ያስተካክላል፤ ያንኑ ቁጥር ለድራይቨሩም ይነግረዋል። ሁለት ካርዶች አንድ ኢንተራፕት ከያዙ አንዱ ወይም ሁለቱም አይሠሩም። የነበሩት ኢንተራፕቶች በድምሩ 16 ሲሆኑ ብዙዎቹ አስቀድመው የተያዙ ናቸው። ሲስተሙ በግምት እያንኳኳ ቢፈልግ ደግሞ የሌላ ካርድ አድራሻ ላይ ጽፎ ማሽኑን ሊያደርቀው ይችላል። ፒሲአይ በ1992፣ ዊንዶውስ 95 በ1995፣ ዩኤስቢ በ1996 ሲመጡ ይህ ጣጣ ቀስ በቀስ ቀረ።

ዛሬም ቢሆን ራሳቸውን የማያስተዋውቁ አሉ። የላፕቶፕ ታችፓድ፣ የሙቀት ሴንሰር፣ የስልክ ካሜራ ብዙ ጊዜ አይ ስኩዌር ሲ በሚባል ቀላል የሁለት ሽቦ መስመር ይገናኛሉ። በዚያ መስመር ላይ «ማን ነህ» የሚል የጋራ ጥያቄ የለም። ስለዚህ ሌላ ሰው ይናገርላቸዋል። ላፕቶፕ ላይ አምራቹ ማዘርቦርዱ ውስጥ ያስቀመጠው ኤሲፒአይ የሚባል ሰንጠረዥ አለ። ስልክና ትናንሽ ሰሌዳዎች ላይ ደግሞ ዲቫይስ ትሪ የሚባል ፋይል ከከርነሉ ጋር ይጫናል። ሰንጠረዡ ላይ ስህተት ካለ ታችፓዱ ደህና ሆኖ ሳለ ሲስተሙ አያየውም። ባዮስ (ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ሲታደስ የጠፋ ታችፓድ የሚመለስበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው። አንዱን ሊኑክስ ለሁሉም ፒሲ መጫን ሲቻል ለስልክ የማይቻለውም በከፊል በዚሁ ነው።

መሣሪያው ከታወቀ በኋላ ስላለው አስተዳደር ባጭሩ ልበል። ፒሲአይ ላይ ያለ ካርድ ዳታ ሲደርሰው ኢንተራፕት ልኮ ፕሮሰሰሩን ይጠራል፤ ብዙ ዳታ ሲሆንም ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ራሱ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። በዩኤስቢ 2.0 ግን መሣሪያው ሳይጠየቅ አይናገርም። ኪቦርድዎ ቁልፍ ሲጫኑ ኮምፒውተሩን አይጠራም። የዩኤስቢው ተቆጣጣሪ ነው በየጥቂት ሚሊ ሰከንዱ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ የሚጠይቀው። በ8 ሚሊ ሰከንድ የሚጠየቅ ማውዝ በሰከንድ 125 ጊዜ ይናገራል። ለጌም የሚሠሩት በ1 ሚሊ ሰከንድ እንዲጠየቁ ያሳውቃሉ፤ 1000 ጊዜ ማለት ነው። ይህንንም የሚናገሩት በዚያው በዲስክሪፕተራቸው ነው።

ሲነቀልም ምልክቱ ያው ቮልቴጅ ነው። ባለ 480 ሜጋ ቢት ባልሆኑት ላይ የተነሳው ሽቦ ይወርዳል፤ ሲስተሙ ድራይቨሩን ያሰናብታል። ችግሩ ያልተጻፈ ዳታ ሜሞሪ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ነው። ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1809 ወዲህ ለፍላሽ የተመረጠው አሠራር ዳታውን ሳያቆይ መጻፍ ስለሆነ አደጋው ቀንሷል። ፋይል እየተገለበጠ ሳለ መንቀል ግን አሁንም ፋይሉን ያበላሻል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ የመገልበጫው ምልክት 100 ከመቶ ካለ በኋላም ያልተጻፈ ሊቀር ይችላል፤ አስወጡት የሚለውን ሳይጫኑ አይንቀሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሲስተሙ መሣሪያው ያለውን ያምናል ብያለሁ። መሣሪያው ቢዋሽስ? በ2014 ካርስተን ኖል እና ያኮብ ሌል የተባሉ ተመራማሪዎች ብላክ ሃት በሚባለው ጉባኤ ላይ ይህንኑ አሳይተዋል። የአንድ ተራ ፍላሽ ቺፕ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ቀይረው «ኪቦርድ ነኝ» እንዲል አደረጉት። ኮምፒውተሩም አመነው። ከዚያ በኋላ ፍላሹ ሰው የሚተይብ መስሎ ትዕዛዝ መጻፍ ይችላል። አንቲቫይረስ አይዘውም፤ የሚመረመር ፋይል የለምና። ወድቆ የተገኘ ፍላሽ አይሰኩ የሚባለው ፋይሉን ከመፍራት ብቻ አይደለም።

ብዙ ኮምፒውተር የሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር አለ። ዊንዶውስ ላይ በግሩፕ ፖሊሲ፣ ሊኑክስ ላይ ዩኤስቢ ጋርድ በሚባል ፕሮግራም የተፈቀዱ መሣሪያዎችን ዝርዝር ይይዛሉ፤ ከዝርዝሩ ውጪ የመጣ ድራይቨር አይመደብለትም። ያለ ሥራቸው ኪቦርድ ነን የሚሉትን ያስቀራል። የተፈቀደ መሣሪያን የአምራችና የምርት ቁጥር ቀድቶ የመጣ ቺፕ ግን በቁጥር ብቻ የሚለይ ዝርዝርን ያልፈዋል። ስለዚህ ዝርዝሩን ሲሠሩ ሲሪያል ቁጥሩንና የተፈቀደውን ፖርት ጭምር ያስገቡበት።